መስከረም ላይ ግረዙ፣ የካቲት ላይ ልቀሙ፦ ስለ ቤተሰብ የወይን እርሻና ስለ ወይን ጠጅ የጠየቃችሁን

ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከሩብ እስከ ግማሽ ሄክታር ወይን ከቤተሰብ ጋር ከሚያለሙ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። ሁሉም ያለ ሰው ሠራሽ ፀረ ተባይና ማዳበሪያ፣ ማለትም በኦርጋኒክ መንገድ፣ ማምረት ይፈልጋሉ። ጥያቄዎቹን አሳጥረን፣ መልሶቹን ግን ሳንቆጥብ አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ባቱ አጠገብ ሩብ ሄክታር ሲራህና ሜርሎ የተባሉ ጥቁር የወይን ዝርያዎች ተክለናል፤ አሁን አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ወይን በዓመት ሁለት ጊዜ ይለቀማል ሲባል ሰምተን ሞከርን። የበጋው ጥሩ ነው፤ የክረምቱ ግን ግማሹ አበባ ላይ እያለ ይረግፋል፣ የቀረው ይሻግታል። ኬሚካል ሳንነካ ሁለቱንም ማዳን ይቻላል?

መልስ፦ የክረምቱን ተዉት። አንድ ንጹሕ ምርት ለቤተሰብ እርሻ ይበቃል፤ ሁለተኛው የሚገኘው ወይ በመርጫ ብዛት ወይ ተክሉን በማድከም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮፓ ወይንን የሚያስተኛው ብርዱ ነው። ባቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር በላይ ብትሆንም ተክሉን የሚያስተኛ ብርድ የላትም። ስለዚህ የተክሉን ዓመት የሚጀምሩለት እርስዎ ነዎት፤ የገረዙበትና ውኃ የሰጡበት ቀን ለእሱ ጸደይ ነው። ከተገረዘ ከ5 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ያብባል፤ ከ120 እስከ 140 ቀን ውስጥ ይደርሳል። ወይን በሕይወቱ ለበሽታ በጣም የሚጋለጠው ከአበባ ጀምሮ ፍሬው የአተር ያህል እስኪሆን ባለው ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ካረፈ ድኝም መዳብም አያድነውም፤ የረጩትን ዝናቡ በማግስቱ ያጥበዋል።

ስለዚህ የፍሬ ግርዘቱን ከመስከረም 20 እስከ 30 ባለው ያድርጉ። አበባው ኅዳር ላይ ይወጣል፣ ፍሬው ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ መቅላት ይጀምራል፣ ለቀማው ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት አጋማሽ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደረቅ አየር ላይ ነው። በእርግጥ መስኖ የግድ ነው።

ከለቀማ በኋላ ውኃውን በግማሽ ቀንሱ እንጂ አታቋርጡ። ቅጠሉ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አረንጓዴ ሆኖ ይቆይ፤ ለሚቀጥለው ዓመት በግንዱና በሥሩ ምግብ የሚያከማቸው በዚህ ጊዜ ነው። ሚያዝያ ላይ ሁለተኛውን ግርዘት ያድርጉ። ይህኛው ለፍሬ ሳይሆን ለእንጨት ነው፤ የሚወጣውን አበባ በሙሉ በእጅ ይቁረጡ። በክረምቱ የሚያድገው ቅርንጫፍ መስከረም ላይ የምትገርዙት ነውና በሽቦው ላይ ነጣጥላችሁ እሰሩት። ፀሐይ ያላገኘ ዐይን (በቅርንጫፉ ላይ ቡቃያው የሚወጣበት እብጠት) ቅጠል እንጂ ዘለላ አያወጣም፤ ብዙ ሰው ማዳበሪያ አነሰ ብሎ የሚያማርረው የክረምቱ ቅርንጫፍ ተጠላልፎ ስለሚያድግ ነው።

መስከረም ላይ ስትገርዙ በግራና በቀኝ በሽቦው ላይ ከተዘረጉት ክንዶች ላይ ባለ 2 ዐይን አጫጭር ጉቶዎችን ተዉ። በተክሎች መካከል 1.2 ሜትር ከሆነ በአንድ ተክል ከ8 እስከ 9 ጉቶ፣ ማለትም ከ16 እስከ 18 ዐይን ይበቃል። ጉቶው ሲረዝም ጫፉ ላይ ያለው ዐይን ብቻ ይነቃና ሥር ያሉት ይተኛሉ። ሞቃት አገር ላይ ይህ ትልቁ ችግር ነው። የንግድ እርሻዎች ሃይድሮጅን ሳያናማይድ በተባለ ኬሚካል ዐይኑን በግድ ያነቁታል፤ በኦርጋኒክ እርሻ ግን ክልክል ነው። በምትኩ ከግርዘቱ 3 ሳምንት በፊት መስኖውን ቀንሱ፣ ከ1 ሳምንት በፊት ቅጠሉን በእጅ አራግፉ፤ ከገረዛችሁ በኋላ ወዲያው በደንብ አጠጡ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ የተቆረጠው ጫፍ ላይ መቀባትም የተኛ ዐይን እንደሚያነቃ በምርምር የታየ ዘዴ ነው፤ በተገረዘ በዚያው ቀን፣ ቁስሉ ሳይደርቅ ይቀባ።

በመጨረሻ፣ በአንድ ቅርንጫፍ አንድ ዘለላ ብቻ ተዉ። ከአንድ ተክል 2 ኪሎ ገደማ ታገኛላችሁ። በ2.5 ሜትር ረድፍ ከተተከለ ሩብ ሄክታር 830 ያህል ተክል ይይዛል፤ ይህ ከ1,600 ኪሎ በላይ ፍሬ፣ ወደ 1,000 ሊትር ወይን ጠጅ ነው። ለአንድ ቤተሰብ እጅ ይህም ብዙ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ቢሾፍቱ ግቢያችን ውስጥ 40 ያህል ተክል አለን። ዝናብ ሳይኖር ቅጠሉና ፍሬው ላይ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል፤ ፍሬውም ይሰነጠቃል። በክረምት ደግሞ ከቅጠሉ ሥር ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ይወጣል። አንድ በሽታ ነው? መዳብ እንርጭ?

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም።

አመድ የሚመስለው አመዳይ ነው። ዝናብ አይፈልግም፤ ጥላና ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ሙቀት ይበቃዋል። የፍሬውን ቆዳ ስለሚያደርቀው ቆዳው መለጠጥ ያቅተውና ፍሬው ከውስጥ ሲያድግ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ ድኝ ነው፤ በውኃ የሚበጠበጠውን 80 በመቶ ድኝ ከ30 እስከ 40 ግራም በ10 ሊትር ውኃ። ቅርንጫፉ 15 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ጀምሩ፣ በየ10 እስከ 14 ቀን ደጋግሙ፣ ፍሬው መቅላት ሲጀምር አቁሙ። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካለፈ ድኝ ቅጠል ያቃጥላልና በጠዋት ይረጭ። ዘይት ነክ መድኃኒት ረጭታችሁ ከሆነ ድኙን ቢያንስ ለ2 ሳምንት አቆዩት። ለ40 ተክል ድኝ መግዛት ካልፈለጋችሁ አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ በፀሐይ በየሳምንቱ እርጩ። በሽታው ሳይጠና ከተጀመረ ይሠራል፤ ከጠና በኋላ ግን አይመልሰውም። ከመርጫው ሁሉ በፊት ግን ዘለላዎቹ ዙሪያ ያለውን ቅጠል በጠዋት ፀሐይ በኩል ብቻ አንሡ። አመዳይ የፀሐይ ብርሃን ይጠላል። በከሰዓት ፀሐይ በኩል ያለውን ቅጠል ካነሣችሁ ግን ፍሬው ይቃጠላል።

ከቅጠሉ ሥር ጥጥ የሚመስለው የእርጥበት በሽታ ነው። ከላይ በኩል ቅጠሉ ዘይት የነካው የሚመስል ቢጫ ነጠብጣብ ካያችሁ እሱ ነው። ለዚህ መዳብ ይረጫል፣ በቦርዶ ውህድ መልክ፦ 100 ግራም ኮፐር ሰልፌት በ5 ሊትር ውኃ በአንድ ባልዲ፣ 100 ግራም የጠፋ ኖራ በ5 ሊትር ውኃ በሌላ ባልዲ ይበጠበጣል፤ ከዚያ የመዳቡ ውኃ ቀስ እያለ ኖራው ላይ ይፈስሳል፣ እየተማሰለ። ባልዲው ፕላስቲክ ይሁን፤ ብረትን ያበላሻል። የተወለወለ ሚስማር ለአንድ ደቂቃ ነክራችሁ አውጡ። ቀይ መዳብ ከለበሰ ኖራው አንሷልና ጨምሩ፤ አለዚያ ቅጠሉን ያቃጥላል። በዚያው ቀን ጨርሱት፤ አድሮ አይሠራም።

መዳብ አፈር ውስጥ አይጠፋም፤ ይከማቻል፣ የምድር ትልንም ይጎዳል። የአውሮፓ ኅብረት የኦርጋኒክ ሕግ በ7 ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎ ንጹሕ መዳብ በላይ አይፈቅድም፣ በአማካይ በዓመት 4 ኪሎ። ኮፐር ሰልፌት ውስጥ ንጹሕ መዳቡ ሩብ ያህል ስለሆነ፣ ይህን ውህድ በሄክታር 500 ሊትር አንድ ጊዜ መርጨት 1.25 ኪሎ መዳብ ይጨምራል። ሦስት ጊዜ ከረጫችሁ ዓመቱ ሞላ። ስለዚህ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት እንጂ ከበሽታው በኋላ አትርጩ፤ መዳብ የገባ በሽታን አያወጣም።

ጥያቄ፦ መቂ አካባቢ ነን። ለጋው ቅጠል እንደ ማራገቢያ ጠቦ፣ በቅጠሉ ላይ ያሉት መስመሮች ተጠጋግተውና ዳሩ እንደ መጋዝ ተሰነጣጥቆ ይወጣል። ቫይረስ ነው ተብለን ልንነቅለው ነው።

መልስ፦ ገና አትንቀሉት። አንድ ጥያቄ አስቀድሙ፦ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በፊት በአካባቢው ጤፍ ወይም ስንዴ ላይ ቱፎርዲ የተባለው የአረም መድኃኒት ተረጭቶ ነበር? ወይን ለዚህ መድኃኒት ያለው ስስነት ከአብዛኞቹ ተክሎች የከፋ ነው፤ በሞቃትና ነፋሻ ቀን ከተረጨ ትነቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሊያበላሸው ይችላል። ምልክቱ እናንተ የገለጻችሁት ነው። መለያው ይህ ነው፦ ቫይረስ ከሆነ በየቦታው በተናጠል ተክሎች ላይ ሆኖ ዓመት ዓመት ይደጋገማል፤ መድኃኒት ከሆነ በነፋሱ በኩል ያሉት ረድፎች በአንድ ጊዜ ይመታሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚወጡት ቅጠሎች ግን እየተሻሻሉ ይሄዳሉ።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ምክንያት የተዋሱት መርጫ ነው። ስንዴ ላይ ቱፎርዲ የረጨ መርጫ በውኃ ብቻ ከታጠበ ቱቦው ውስጥ የቀረው ወይኑን ለመጉዳት በቂ ነው። ለወይን ብቻ የሚያገለግል የራሳችሁ መርጫ ይኑራችሁ፤ ይህን ወጪ አትሰስቱበት።

የተመታውን ተክል አትግረዙት፣ ናይትሮጅን የበዛበት ፍግም አትስጡት፤ በመጠኑ አጠጥታችሁ ተዉት። ጎረቤትን በጊዜ ማነጋገር ደግሞ ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል፦ በጠዋት፣ ነፋስ በሌለበት እንዲረጭ፣ ከመርጨቱ በፊትም እንዲነግራችሁ። የኦርጋኒክ ማረጋገጫ የምትፈልጉ ከሆነ ሽንኩርትና ቲማቲም ከሚረጭበት ማሳ ጋር የሚዋሰኑትን ረድፎች ፍሬ ለብቻው ልቀሙና ለብቻው ሽጡ። ተቆጣጣሪው የመስኖ ውኃችሁ በማን ማሳ በኩል እንደሚያልፍም ይጠይቃችኋል። በአውሮፓ ሕግ ወይን የመሰለ ቋሚ ተክል ኦርጋኒክ ለመባል ከመልቀሙ በፊት 3 ዓመት የሽግግር ጊዜ ያስፈልገዋልና የረጫችሁትን ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ በቀን መዝግቡ።

ጥያቄ፦ ከቤተሰብ እርሻችን 100 ኪሎ ጥቁር ወይን አዲስ አበባ አምጥተን ልንጠምቅ ነው። እናቴ ጠጅ አዋቂ ናት፤ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠን፣ ጌሾም ይግባበት ትላለች። እውነት ያስፈልጋል? ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብትነግሩን።

መልስ፦ እናትዎ ያሉት ለጠጅ ሁሉ ትክክል ነው። ማር ታኒን የተባለው አፍ የሚያደርቅ ነገር እምብዛም ስለሌለው ጌሾው ምሬትና ጥበቃ ይሰጠዋል፣ እርሾም ይዞ ይገባል። ወይን ግን አሲዱን በጭማቂው፣ ታኒኑን በልጣጩና በዘሩ ይዞ ይመጣል፤ ጌሾ ከገባበት የሚቀምሱት ጌሾውን ነው። የወይራ ጢስም እንዲሁ የፍሬውን ሽታ ይሸፍነዋል። ጋኑ ሌላ ጉዳይ አለው። ያልተቀባ ሸክላ አየር ያሳልፋል፤ በጥቂት ሳምንት ለሚጠጣ ጠጅ ችግር የለውም፣ 6 ወር ለሚቆይ ወይን ግን ወደ አቼቶ መንገድ ነው። ሸክላ በራሱ አይጠላም፤ ጆርጂያዎች ክቬቭሪ በተባለ ትልቅ የሸክላ ጋን ይጠምቃሉ፣ ነገር ግን ውስጡን በሰም ይቀቡታል፣ እስከ አንገቱም መሬት ውስጥ ይቀብሩታል። እናንተ ለምግብ የተሠራ 150 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ተጠቀሙ፤ ዘይትም ኬሚካልም ያልነካው።

ፍሬው በጠዋት ይለቀም፤ ከ20 ኪሎ በማይበልጥ ሳጥን ይምጣ። በማዳበሪያ ከረጢት ከመጣ ከታች ያለው ተጨፍልቆ መንገድ ላይ መፍላት ይጀምራል። የሻገተውን ጣሉ። አትጠቡት። የሽቦ ወንፊት ላይ፣ ቀዳዳው 2 ሳንቲ ሜትር በሆነ፣ በእጅ እያሻችሁ ግንዱን ለዩ፤ ፍሬውን በእጅ ወይም በንጹሕ እግር ጨፍልቁ። ብሌንደር አትጠቀሙ፤ ዘሩ ከተፈጨ ወይኑ የማይለቅ ምሬት ይይዛል። በርሜሉ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሙላ፤ ሲፈላ ልጣጩ ወደ ላይ ይነሣል።

ጭማቂውን ለኩ። ሪፍራክቶሜትር በተባለው የስኳር መለኪያ ላይ ከ22 እስከ 24 ብሪክስ (የስኳር መቶኛ) ጥሩ ነው። ቁጥሩን በ0.55 ብታባዙት የሚገኘውን አልኮል በግምት ይነግራችኋል፤ 23 ብሪክስ 12.6 በመቶ ያህል ይሆናል። ሞቃት አገር ላይ የሚጎድለው ስኳር ሳይሆን አሲድ ነው። ፒኤቹ (የአሲድነት ልኬቱ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲዱ አንሷል ማለት ነው) ከ3.6 በላይ ከሆነ በሊትር 1 ግራም ታርታሪክ አሲድ ፒኤቹን በ0.1 ያህል ያወርዳል፤ በኦርጋኒክ ሕግም ይፈቀዳል። ሎሚ አትጭመቁበት፤ የሎሚ አሲድን ባክቴሪያዎች በኋላ ወደ ኮምጣጤ አሲድ ይለውጡታል።

5 ግራም ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት (ወይኑን ከመበላሸት የሚጠብቅ የሰልፋይት ዱቄት) በአንድ ኩባያ ውኃ አሟሙታችሁ ጨምሩና አማስሉ። በማግስቱ 20 ግራም የወይን እርሾ በ200 ሚሊ ሊትር፣ 38 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ አቆዩት፤ ከዚያ ከጭማቂው ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ አቀዝቅዙት፣ በእርሾውና በበርሜሉ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ዲግሪ ሲያንስ ገልብጡት። የዳቦ እርሾ አልኮሉ ከፍ ሲል ይደክምና ስኳሩን ሳይጨርስ ይቆማል፤ አተላውም በደንብ አይረጋም።

በርሜሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ልጣጩን በቀን 3 ጊዜ ወደ ታች ግፉ። ይህን ካልተዋችሁ ሥራው ግማሽ አለቀ፤ ላይ ደርቆ የቀረ ልጣጭ የኮምጣጤ ባክቴሪያ መነሻ ነው። ሙቀቱ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ይሁን። 32 ካለፈ ውኃው በረዶ የሆነበትን የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ውጪው በደንብ ታጥቦ፣ ንከሩበት፤ 35 ላይ እርሾው ይደክምና መፍላቱ ሊቆም ይችላል። በአዲስ አበባ ግን የሚያስቸግረው የሌሊቱ ብርድ ነውና በርሜሉን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት።

አደራ፣ በተዘጋ ጓዳ አትጥመቁ። አንድ ሊትር ጭማቂ ሲፈላ 50 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ አይሸትም፣ መሬት መሬቱን ይተኛል፤ በዝቅተኛ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። ሻማ ማብራት አስተማማኝ መለኪያ አይደለም፤ ሻማው ሳይጠፋ ሰው ሊደነዝዝ ይችላል። በርና መስኮት ይከፈት፣ ሕፃናት እዚያ አይተኙ፣ በርሜል ውስጥም አንገታችሁን አታስገቡ።

ከ7 እስከ 10 ቀን በኋላ ሃይድሮሜትሩ (የጭማቂውን ክብደት የሚለካው መሣሪያ) 1.000 ሲደርስ ጭማቂውን ቅዱና ልጣጩን በንጹሕ ሻሽ ጨምቁ። ከ60 እስከ 65 ሊትር ታገኛላችሁ። ይህ ሳይተርፍ እስከ አንገቱ የሚሞላ ዕቃ ውስጥ ይግባ፤ ከክዳኑ የሚወጣው ቀጭን ጎማ ጫፉ ውኃ ውስጥ ይነከር፣ ጋዝ ይወጣል አየር ግን አይገባም። በ3ኛው ቀን፣ በወሩ፣ ከዚያም በ3ኛው ወር ከአተላው ላይ በጎማ ወደ ንጹሕ ዕቃ አዛውሩት። በመካከሉ ወይኑ እንደገና ትናንሽ አረፋ ያወጣል፤ ኃይለኛው አሲድ ወደ ለስላሳ አሲድ እየተለወጠ ነውና አትንኩት፣ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለ ቦታ ተዉት። አረፋው ሲያበቃ ብቻ ለ60 ሊትር 3 ግራም ሜታባይሰልፋይት ጨምሩ። በጠቅላላው የጨመራችሁት በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሲሰላ በሊትር 60 ሚሊ ግራም ያህል ነው፤ የአውሮፓ የኦርጋኒክ ሕግ ለደረቅ ቀይ ወይን ከፍተኛ መጠን ያደረገው 100 ነው። ከ6 እስከ 8 ወር ሲሆነው ጠርሙስ ውስጥ ይግባ።

ጥያቄ፦ አምና የጠመቅነው ሁለት ዕቃ ወይን ተበላሸ። አንዱ የገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሌላው ላይ ነጭ ስስ ሽፋን ወጥቶ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል።

መልስ፦ የመጀመሪያው ከእርሻው ይጀምራል። ድኝ ለለቀማ ሲቃረብ ከተረጨ ፍሬው ላይ የቀረውን እርሾው ወደዚያ ሽታ ይለውጠዋል፤ ፍሬው መቅላት ሲጀምር፣ ማለትም ለለቀማ 5 ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ድኙን አቁሙ ያልነው ለዚህ ነው። እርሾው ናይትሮጅን ሲያጥረውም ያንኑ ያደርጋል፤ ፍግ በሚያንሰው አሸዋማ አፈር የበቀለ ወይን ላይ ይበዛል። ሽታው ገና እየፈላ ሳለ ከመጣ ለ100 ሊትር ከ20 እስከ 30 ግራም ዳይአሞኒየም ፎስፌት ይጨመራል፤ ለምግብ የተሠራው እንጂ ለእርሻ የሚሸጠው ዳፕ አይደለም። መፍላቱ ካበቃ በኋላ ከሆነ እየተረጨ እንዲወርድ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡት። ወደ ሽንኩርት ሽታ ከተለወጠ ግን አየር ያባብሰዋል፤ ያ አልፏል። ለማሳ የተገዛ ኮፐር ሰልፌት ወይን ውስጥ በጭራሽ አይግባ።

ሁለተኛው ዕቃ አየር አግኝቷል፤ ሙሉ አልነበረም። ሽፋኑ ብቻ ቢሆንና ሽታው ጤነኛ ቢሆን ከሥር በጎማ ቀድቶ፣ ሰልፋይት ሰጥቶ፣ ዕቃውን መሙላት ያድነው ነበር። ያ ሽታ ከመጣ በኋላ ወይን አይሆንም፤ ሽታው ካልበረታ ለአቼቶ ሞክሩት። አልኮሉ ከ6 እስከ 8 በመቶ እስኪሆን በተፈላና በቀዘቀዘ ውኃ አቅጥኑት፣ ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ውስጥ ጨርቅ አልብሳችሁ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ቦታ ከ1 እስከ 3 ወር አቆዩት። ግን ከወይኑ ቤት ራቅ ያለ ቦታ ይሁን፤ ትናንሾቹ ዝንቦች ባክቴሪያውን ከዕቃ ወደ ዕቃ ይዘው ይዞራሉ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው። ኦርጋኒክ ወይን የሚል ጠርሙስና ከኦርጋኒክ ወይን ፍሬ የተሠራ የሚል ጠርሙስ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ቤት ውስጥ መጥመቅስ ይፈቀዳል?

መልስ፦ በአሜሪካ ሕግ የመጀመሪያው ሰልፋይት አይጨመርበትም፤ ሁለተኛው እስከ 100 ፒፒኤም (በሊትር 100 ሚሊ ግራም ያህል) ሊኖረው ይችላል። ምንም ያልተጨመረበትም ቢሆን እርሾው ራሱ ጥቂት ሰልፋይት ይፈጥራልና ዜሮ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። በፌዴራል ሕግ አንድ አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት 200 ጋሎን ለራሱ መጥመቅ ይችላል፤ መሸጥ ግን አይቻልም። የክልላችሁንም ደንብ እዩ።

ጥያቄ፦ ከወይን ጠጁ የተረፈ 200 ኪሎ ፍሬ አለን። ለቤተ ክርስቲያናችን ዘቢብ አድርቀን ልናቀርብ አስበናል። ዘር ያለው ወይን ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። ለቅዳሴ የሚቀርበው ዘቢቡ በውኃ ተዘፍዝፎ የሚጨመቀው ስለሆነ ዘሩ አያስቸግርም፤ ሆኖም ከመጀመራችሁ በፊት የደብሩን ካህናት ጠይቁ፣ የሚቀበሉትን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ከ4 ኪሎ ፍሬ 1 ኪሎ ዘቢብ ይወጣል፤ ከእናንተው 50 ኪሎ ያህል።

ፍሬው ቢያንስ 22 ብሪክስ ይሁን፤ ጥሬው ሲደርቅ ቆዳ ብቻ ይሆናል። ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ የሽቦ ወይም የሸምበቆ ወለል ዘርግታችሁ፣ ዘለላ በዘለላ ላይ ሳይደራረብ አስጡት። ከዝንብና ከወፍ በመረብ ሸፍኑ፣ በየ2 ቀኑ ገልብጡ፣ ሌሊት ጤዛ እንዳይነካው ሸራ አልብሱት። በየካቲት ፀሐይ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈጅበታል። እፍኝ ሙሉ ጨብጣችሁ ስትለቁት ፍሬዎቹ እርስ በርስ ሳይጣበቁ ከተበተኑና ጭማቂ ካልወጣ ደርሷል። ከግንዱ አራግፉ፣ 1 ሳምንት በሣጥን ውስጥ አቆዩት፤ የደረቀውና ያልደረቀው እርጥበቱን ይካፈላል። ከዚያ አየር በማያስገባ ዕቃ ይታሸግ። ብል እንዳይወልድበት ፍሪዘር ካላችሁ ከማሸጋችሁ በፊት ለ4 ቀን አቀዝቅዙት፤ ከፍሪዘር ስታወጡት ግን ጤዛ እንዳይቋጥር ከረጢቱን ሳትከፍቱ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ።